ልጄ ያላስተረጎመችው ሕመም

መጀመሪያ ያየሁት ነጠብጣብ ነበር። አረንጓዴው የትምህርት ቤት ቀሚሷ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ የሳንቲም ያህል ቡናማ ነገር። ጭቃ ላይ ቁጭ ብላ ይሆናል ብዬ ዘፈዘፍኩት። የሞያሌ አፈር ቀይ ነው፤ ነጠብጣቡ ቀይ አልነበረም። ያኔውኑ ላስተውለው እችል ነበር። በማግስቱም ቀሚሷ ላይ አየሁት። ሰነባብቶ ሽታው መጣ።

ልጄ ረድኤት ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር፣ ክላስ ፎር። ይህንን የምጽፈው ጠዋት ጠዋት ልጃቸው «ሆዴን» እያለ ትምህርት ቤት አልሄድም ለሚላቸው ወላጆች ነው። አፍሬ ነው የምጽፈው። እፍረቱ ይልቀቀኝ ብዬ ብጠብቅ ጠብቄ አልጨርስም፤ ስንት ዓመት አልፎት ዛሬም ብዕር ስይዝ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

እኔ በኬንያው ሞያሌ ትንሽ ሆቴል አለችኝ። ሆቴል ስላችሁ አልጋ ያለው ፎቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ሻይና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ምሳ ላይ ሩዝ በሥጋ፣ ለአገሬ ሰው ሽሮ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አለቀ። ገና ኮረዳ ሳለሁ ከወንድሜ ጋር ተሰድጄ ዋልዳ ካምፕ ገባሁ፤ ካምፑ ሲዘጋ ሰው ሁሉ በየፊናው ሲሄድ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ባለቤቴ ታደሰ ከብት ጭኖ ናይሮቢ የሚመላለስ የሎሪ ሾፌር ነው። አስፋልቱ ገና እየተሠራ በነበረበት በዚያ ዘመን ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ሰው ሁሉ በልጄ ስም «ማማ ረድኤት» ነው የሚለኝ። ምን አለፋችሁ፣ ስሜም ኩራቴም ምላሴም እሷ ነበረች።

ምላሴ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። የኔ ስዋሂሊ የገበያ ስዋሂሊ ነው። መሸጥ እችላለሁ፣ መከራከር እችላለሁ፣ ሲበዛም መሳደብ እችላለሁ። የጤና ጥበቃ ሰዎች ኩሽናዬን ሊያዩ ሲመጡ፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ፣ የቢሮ ሰው ሲያናግረኝ ግን ረድኤትን ነው የምጠራው። ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ከኋላዬ ቆማ እኔ በአማርኛ ስናገር እሷ በስዋሂሊ ትመልስልኛለች። በኛ ከተማ ይህ የተለመደ ነው፤ የሐበሻ ነጋዴ ሁሉ ልጁን ነው አፉ የሚያደርገው። ደንበኞች «ይቺ ልጅ ጠበቃ ትሆናለች» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ እውል ነበር።

ነጠብጣቡን ተቅማጥ ነው አልኩ። ማንን ጠይቄ? ማንንም። የሆቴል ሰው ልጅ ተቅማጥ ያዛት ከተባለ ማን ነው ከዚያ ቤት የሚበላው? ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። በየማለዳው የግመል ወተት ከጎልቦ ለምታመጣልኝ ለሐሊማ እንኳን አልተነፈስኩም። ሐሊማ ቦረና ናት፤ ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት፣ እህቴ በሏት። እሷንም ደበቅኋት።

ከዚያ ማከም ጀመርኩ። አትክልት ከለከልኳት። ፓፓያ ከለከልኳት። ውሃ ቀነስኩባት፤ የምትጠጣው ነው የሚወርደው ብዬ። ደረቅ ሩዝ፣ ጥቁር ሻይ፣ ያልበሰለ ሙዝ አበላኋት። ከመድኃኒት ቤት ደግሞ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ገዝቼ በራሴ ሥልጣን ሰጠኋት። ሲቆምላት እሰይ እላለሁ። ሲመለስ ብሶ ይመለሳል። ሆዷ ተነፋ፣ ምግብ ዘጋት፣ ፊቷ ገረጣ።

ጠዋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ቀሚሱን ከተሰቀለበት ሳወርደው ፊቷ አመድ ይመስላል። «እማ፣ ሆዴን።» የአልጋውን እግር በሁለት እጇ ታንቀዋለች። እጇን አላቅቄ፣ ጎትቼ፣ በር ላይ አደርሳታለሁ። አንድ ጠዋት በር ላይ ተቀመጠችብኝ። ደንበኛ ገብቶ ሻይ እየጠበቀ ነው። በጥፊ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አላለቀሰችም። ተነስታ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ቀሚሷን በደብተሯ ከልላ ተመለሰች።

ያን ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለብን አልኩ። አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ በእግር መሻገር እችል ነበር፤ ድንበሩ ከደጄ ሩቅ አይደለም። እዚያ አማርኛ የማይችል ሐኪም የለም፣ የምለውን ሁሉ ይሰማኛል። የፈራሁትም እሱን ነው። ነርሷ ምሳ የምትበላው ከኔ ቤት፣ ካርድ የሚያወጣው ልጅ በቤተ ክርስቲያን የማውቀው። ስለዚህ ከኬንያው ወገን አንድ የግል ክሊኒክ መረጥኩ፤ ሐኪሙ ከታች አገር፣ ከመሃል ኬንያ የመጣ፣ አማርኛም ኦሮምኛም የማይሰማ፣ ማን እንደሆንኩ የማያውቅ ሰው። ከሰው ጆሮ ለማምለጥ ብዬ እኔ ራሴ የማልሰማበት ቦታ ሄድኩ። አስተርጓሚዬ ማን ነበረች? ያው ልጄ።

«በይው» አልኳት፤ «ተቅማጥ ይዞኛል፣ ሳላውቀው ልብሴ ላይ ይወርዳል በይው።»

ረድኤት ወለሉን አየች። አንድ አጭር ነገር ተናገረች። ሐኪሙ ጠየቀ፣ መለሰች። ግንባሯን ዳሰሰ። ጣቷን ወግቶ ደም ወሰደ፤ ወባ የለም፤ ታይፎይድም የለም። ከዚያ ወደ አልጋው እያሳየ፣ በእጁ ሆዱ ላይ ክብ እየሠራ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ረድኤት መለሰችለት። እኔን ዞር ብሎ አየኝ፤ ቅር ያለው ይመስላል።

«ምን አለ?»

«ማረፍ አለባት ብሏል። ትምህርት ቤት ለጊዜው ትቅር ብሏል።»

እጁ ሆዱ ላይ ሲዞር አይቻለሁ። ያ ሁሉ ንግግር በሁለት አጭር ቃል እንደማያልቅ ገብቶኛል። ግን ደግሜ አልጠየቅኋትም። ትቅር መባሉ ተስማምቶኝ ነበር።

ቤት ዋለች። የሽንኩርቱና የሩዙ ጆንያ ባለበት ከኩሽናው ጀርባ ባለው ጠባብ ክፍል፣ ከመጋረጃ ኋላ አስቀመጥኳት፣ ደንበኛ እንዳያያት። ጠዋት አረንጓዴ የለበሱ ልጆች እየተንጫጩ በደጃችን ሲያልፉ መጋረጃው ሥር ትቆማለች። የክፍሏ አስተማሪ ሰው ልካ ስታስጠይቀኝ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ናይሮቢ አክስቷ ጋ ሄዳለች» አልኩ። ናይሮቢ አክስት የላትም። ሳምንታት አለፉ፤ ቴርሙ ወደ ማለቁ ተቃረበ፤ ፈተናው ካመለጣት ክፍሉን ልትደግም ነው። ይህን እያወቅሁ ሌላ ቀን ሌላ ቀን እያልኩ አስተኛኋት። ክሊኒኩ አንድ ጊዜ ተመለስን፤ ያው ነገር፣ እሱ ብዙ ያወራል፣ እሷ ጥቂት ትነግረኛለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስመለሳት። አረንጓዴ ነገር። እንደገና አስመለሳት። ሆዷን ነካሁት። ጠንካራ ነበር። ጮኸች። ሽንት አልመጣም አለችኝ። ሩዙን እሳት ላይ ትቼ ወጣሁ። ደንበኞቹን አላየኋቸውም። ቦዳቦዳ አስቁሜ ሞተሩ ላይ በኔና በሾፌሩ መሃል አስቀመጥኳት። ራሷ ጀርባው ላይ ወደቀ። ድንግል ማርያም፣ አትውሰጂብኝ አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

መንግሥት ሆስፒታል ጠረጴዛ ላይ አጋደሟት። የመጣችው ሴት ናት፤ ወጣት፣ ሻሽ ያሰረች፣ የማርሳቢት ልጅ። በሙያ ስሟ ክሊኒካል ኦፊሰር ነው የምትባለው፤ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንላት። በስዋሂሊ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ልጄ በዚያ ሁኔታዋ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ላስተርጉምልሽ ብላ ቀና ልትል ሞከረች።

ዶክተሯ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መለሰቻት። «አንቺ ታማሚ ነሽ። ታማሚ አያስተረጉምም» አለቻት በኦሮምኛ። ወደኔ ዞረች። «ኦሮምኛ ትሰሚያለሽ?»

«ትንሽ።»

«እኔም አማርኛ ትንሽ አውቃለሁ። የሁለታችን ትንሽ ትንሽ ይበቃናል።»

ነገርኳት። ተቅማጡን፣ ቀሚሱን፣ ሩዙን፣ ክኒኑን። ክኒኑን ስነግራት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከፈተች። ሌላ ቦታ ታክማ ከሆነ ምን እንደተባልን ጠየቀችኝ፤ ትረፍ፣ ትምህርት ቤት ትቅር ተብለናል አልኳት። ጎንበስ ብላ ረድኤትን በስዋሂሊ ቀስ ብላ አነጋገረቻት። ረድኤት እያለቀሰች መለሰች። ብዙ ተናገረች። ያን ያህል ስትናገር ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ።

«ያ ሐኪም ትቅር አላለም» አለችኝ ዶክተሯ። «ልጅሽ ራሴን ያመኛል ነው ያለችው። ስለ ልብሷ አልነገረችውም። ሆድሽን ልመርምር ሲላት እናቴ አትፈቅድም ብላዋለች።»

ክው አልኩ። ከዚያ፣ አፈር ይብላኝና፣ የተሰማኝ ንዴት ነው። «ውሸታም!» ብዬ ጮህኩባት፣ ያቺን የተነፋች ልጅ፣ ጠረጴዛ ላይ እንደተኛች።

ዶክተሯ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አማርኛዋ «እርስዎ» አያውቅም፤ አንቺ እያለች ነው የነገረችኝ። «አትቆጪያት። አንቺ ለሚያውቅሽ ሰው ልትነግሪው ያፈርሽውን ነገር፣ እሷ ለማታውቀው ወንድ፣ በራሷ አፍ፣ አንቺ ፊት እንድትናገር አዘዝሻት። አንቺ ያልቻልሽውን እሷ እንዴት ትችለዋለች?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ራጅ አነሷት። ዶክተሯ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፋ አሳየችኝ። «ይህ ተቅማጥ አይደለም፣ ድርቀት ነው» አለችኝ። ብዙ ጊዜ የተያዘ ሰገራ ትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ቁጭ ይላል፤ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ፈሳሽ በድንጋዩ ጎን ሾልኮ ይወርዳል። አንጀቱ ስለተለጠጠ ልጅቷ መምጣቱን አትሰማውም። «ሰነፍ አይደለችም። ቆሻሻም አይደለችም። አታውቀውም።» የኔ ሩዝ፣ የኔ ጥቁር ሻይ፣ የኔ ማቆሚያ ክኒን ድንጋዩ ላይ ድንጋይ ሲጨምር ነበር የከረመው።

ከዚያ ረድኤትን ጠየቀቻት፦ «ለምን ትይዢዋለሽ?»

ልጄ ለሷ አልመለሰችም። ወደኔ ዞረች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ አስተርጓሚ በማያሻው አማርኛ።

«እማ፣ አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

ወዲያው ትዝ አለኝ። የዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ከተማው ውስጥ ተላላፊ ተቅማጥ ገባ ተብሎ ተወራ። የጤና ጥበቃ ሰዎች ከኛ ሰፈር ሆቴሎች ዘጉ። እኔ ቤቴን በበረኪና ሳጥብ ሰነበትኩ፤ ልጄንም ጠርቼ «የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት እንዳትጠጊ፣ እቤት እስክትመጪ ቻይ» አልኳት። ጠዋት ስትወጣ ደግሜ፣ ማታ ደግሜ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወሬው ጠፋ፣ ሆቴሎቹ ተከፈቱ። አዋጁን ያወጅሁት እኔ፣ መነሳቱን ለልጄ መንገር የረሳሁትም እኔ። እሷ ታዛዥ ልጅ ናት። ስትችል ከረመች። እቤት ስትደርስ ደግሞ የኛው ሽንት ቤት ደጃፍ የሾፌር ወረፋ ነው፤ «ደንበኛ ይቅደም» እላታለሁ። እንደገና ትችላለች። በዚህ መሃል የትምህርት ቤቱ የሴቶች ሽንት ቤት በር ተገነጠለ። ሴቶቹ ልጆች በቡድን እየሄዱ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ሌሶ፣ ይህ የባሕር ዳርቻ ሴቶች የሚያሸርጡት ባለ አበባ ጨርቅ፣ ደጁ ላይ ትይዝላታለች። ረድኤት ግን ያን ሁሉ ጊዜ ከነሱ ጋር አልሄድም ስትል ስለከረመች የሚይዝላት ጓደኛ አልነበራትም። በኋላ ክፍል ውስጥ አመለጣት። ሳቁባት። ያ ነው ነገሩ።

ያን ቀን ለልጄ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ጫማዋን ነበር የማስተካክለው፣ ከአልጋው ሥር፣ ደጋግሜ።

ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኛን። ኤኔማ የሚሉት በመቀመጫ የሚገባ ማጠቢያ ተሰጣት፤ ነርሷ ከመጋረጃው ውጭ ጠብቂ ስትለኝ ረድኤት ትግባ አለች፣ ገብቼ እጇን ያዝኩ። ማስለቀስ ያስለቅሳል፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሽንቷ ወረደ፣ ሆዷ እየለዘበ መጣ፣ ራበኝ አለች። ራበኝ ስትለኝ ኮሪደር ላይ ወጥቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ታዘዘላትና ወደ ቤት ተሸኘን፤ ዶክተሯ ግን ይህ አሁን የተከፈተ መንገድ ተመልሶ እንዳይዘጋ ወራት እንደሚፈልግ፣ የተለጠጠው አንጀት እንደ ላላ የሱሪ ላስቲክ መሆኑን፣ ቀስ ብሎ ካልሆነ እንደማይሰበሰብ አስረግጣ ነገረችኝ።

ያዘዘችን ነገር ቀላል ነው፣ አድካሚነቱ በየቀኑ መሆኑ ነው። ቁርስና እራት ከበላች በኋላ ሆድ ራሱ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር ያን ጊዜ ረጋ ብላ እንድትቀመጥ፣ እግሯ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ነገር እንዲደረግላት፣ ማንም እንዳያጣድፋት፣ ቢመጣም ባይመጣም መቀመጧ ብቻ እንዲመሰገን። ለሷ ብቻ የሚሆን ፖፖ ገዛሁ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ እግሯ ሥር አደረግሁ፣ ያንን የሽንኩርት ክፍል ጠርጌ የሷ አደረግሁት። ደንበኛ ይጠብቅ። ከድስቱ ቦሎቄና ሱኩማ ጎመን አልጠፋ አለ፤ ፓፓያ በየቀኑ፣ ውሃ በየሰዓቱ። ሾፌሮቹ «ማማ ረድኤት፣ ምን ነካሽ፣ ጎመን በጎመን አደረግሽን» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፣ ግን ይበሉታል። መሃል ላይ ዳነች ብዬ ሽሮፑን በገዛ ፈቃዴ አቆምኩና ነጠብጣቡ ተመለሰ። ዶክተሯ ዘንድ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። «ሁሉም እናት አንድ ጊዜ ታቆመዋለች፣ ሁለተኛ አታቁሚ» ብላ ሳትቆጣ መለሰችኝ።

ከመድኃኒቱ የከበደኝ ትምህርት ቤት ሄዶ መናገሩ ነው። አስተርጓሚ ያስፈልገኛል፤ ልጄን ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አላስተረጉማትም። የቀረችኝ ሐሊማ ናት። በማለዳ ወተቱን ስትቀዳልኝ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከነጥፊው። ጀሪካኗን አስቀምጣ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

«ይሄን ነው የደበቅሽኝ? እኔ ዕድሜዬን ግመል ሳስምጥና ጥጃ ሳሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ! ሰገራ ያስደነግጠኛል?» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ልጅሽን ስትወልጂ ያረስኩሽ እኔ ነኝ፣ ማማ ረድኤት። ባዕድ አደረግሽኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢላ ብትሰካብኝ ይሻለኝ ነበር። ያም ሆኖ ሌሶዋን ደርባ ከኔ ጋር ወጣች።

አስተማሪዋን «ማዳም» ነው የምንላት። ስለ ናይሮቢው አክስት በሐሊማ አፍ ይቅርታ ስጠይቃት መለሰችልኝ፣ ሐሊማም እንዳለ አደረሰችልኝ። «ናይሮቢ አለመሆኗን እናውቅ ነበር። ልጆቹ ከመጋረጃው ሥር እግሯን አይተዋል።» እኔ ከከተማው ሁሉ የደበቅሁት ነገር፣ ለካ የሚያልፉት ልጆች ሁሉ ያውቁታል! እነሱ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ እግሯን አይተናል እያሉ ሲያወሩ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ ምሳ አቀርብ ነበር። ማዳም አላፌዘችብኝም። ክፍሏ ውስጥ በሕመምና በእፍረት የሚቀሩ ሌሎችም ልጆች እንዳሉ፣ አንድ ወላጅ በራሱ እግር መጥቶ እንዲህ ሲነግራት ግን ብርቅ እንደሆነባት ነገረችኝ። ረድኤት በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሳታስፈቅድ ትወጣለች፣ ለጊዜው እስከ ዕረፍት ሰዓት ብቻ ትማራለች፤ ተስማማን።

መሄጃው ቀን ሲደርስ የአልጋውን እግር እንደገና ያዘች። አልጎተትኳትም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው የቻልኩት፤ «እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ሽንት ቤቱ በር የለውም» አለች ብቻ።

«እኔ በሩን እሆንልሻለሁ» አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ግቢው በር ደርሰን ተመለስን፣ በሌላው ቀን እስከ ክፍሏ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ እስከ ዕረፍት ሰዓት። ደወሉ ሲደወል እኔ ሆቴሌን ለሠራተኛዬ ትቼ፣ የሐሊማን ሌሶ በሁለት እጄ ዘርግቼ ያ ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ከተማው የሚያውቀኝ ባለ ሆቴል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሽንት ቤት በር! ልጆቹ ተሳሳቁ። እያደር ለመዱኝ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ «ማማ፣ ለኔም ያዥልኝ» አለችኝ፣ ከኋላዋ ሌላዋ፣ ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ረድኤት እጇን ታጥባ ስትመለስ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ክንዴ ዝሎ ሌሶው እየተንሸራተተ አየችኝና አንዱን ጫፍ መጥታ ያዘችልኝ። ሁለታችን ይዘን ቆየን። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ይጠሯት ጀመር።

ታደሰ ከመንገድ ተመልሶ የሆነውን ሲሰማ አልተቆጣኝም፤ «ሌላ ሌላውን ሁሉ ስልክ እየደወልሽ ስትነግሪኝ፣ ይሄን ብቻ» አለኝና ተወው። በማግስቱ ከሎሪው የወለቀ አሮጌ የጎን ሳንቃ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሄደና በር ገጠመ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ። ያ በር ላይ የከብት ኮቴ ጭረት ዛሬም ይታያል። ረድኤት ለፈተናው ተቀመጠች። ብዙ ትምህርት ስላመለጣት ውጤቷ ደህና የሚባል አልነበረም፤ ግን ወደ ክላስ ፋይቭ አለፈች፤ ሽሮፑንም ከብዙ ወር በኋላ በዶክተሯ ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት እየቀነስን አቆምን።

ወሬ አይደበቅም፣ እናቶች ወደ ሆቴሌ መምጣት ጀመሩ። አንዷ ከቦሪ በሎሪ ተሳፍራ መጥታ፣ ሻይ አዝዛ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳትጠጣ ቁጭ ብላ፣ በመጨረሻ «የኔም ልጅ ትምህርት ቤት እምቢ ብሏል» አለችኝ። ልጇ ልብሱ ላይ ምንም አያመልጠውም፣ ሆዱም ደህና ነው፤ የሱ ጣጣ ሌላ ነበር፣ ጆሮው አይሰማም ኖሯል። ይህን የምነግራችሁ የሁሉም ልጅ ሕመም እንደኔ ልጅ እንዳይመስላችሁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐሊማ ግን ወተቷን ሸጣ ስትጨርስ ከነዚህ እናቶች ጋር ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ከስዋሂሊ ወደ ኦሮምኛ፣ ሲያሻም ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች፤ ማዳምም ቀሪ የሆነ ልጅ ሲኖርባት ወላጁን ከመጥራት ይልቅ ወደ ቤት ትሄዳለች።

እንግዲህ ልጁ ጠዋት ሆዴን የሚላችሁ፣ ስሙኝ። አስመሳይ ነው ከማለታችሁ በፊት ሆዱን አስመርምሩ። ልብሱ ላይ የሚወርድ ነገር ካለ ተቅማጥ ነው ብላችሁ ማቆሚያ አትስጡ፤ እንደኔ ድንጋይ ላይ ድንጋይ እንዳትጨምሩ። ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሽንት እምቢ ካለው ነገ አትበሉ። ስለ ሽንት ቤቱ ጠይቁት፣ በር አለው ወይ፣ ውሃ አለው ወይ፣ ማን ይስቅብሃል ብላችሁ። እናንተ ያዘዛችሁትን ትእዛዝ ደግሞ አስታውሱ፤ ልጅ ትእዛዝ እንደተረሳ አያውቅም። በማታውቁት ቋንቋ ስትታከሙ የታመመውን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የጎረቤት ሰው ለምኑ፣ ነርሷን ለምኑ፣ እፍረቱን እናንተው ተሸከሙት።

አማርኛና ኦሮምኛ አዋጥታ ልጄን ላተረፈችልኝ ዶክተር፣ ባዕድ አድርጌያት ሳትርቀኝ ለቀረችው ለሐሊማ፣ ለማዳም፣ ለታደሰ፣ እግዜር ውለታችሁን ይክፈልልኝ።

ረድኤት አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፣ አዳሪ ነች። ባለፈው ለዕረፍት ስትመጣ ይህን መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ አልኳት። የሳንቃውን በር ጨምሬ ሁሉንም እንደምጽፍ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ጻፊው» አለችኝ። «ግን ራስሽ ተናገሪው፣ እማ። ይሄንን እኔ አላስተረጉምልሽም።»

እሺ አልኳት።